ወደ መስኮቱ የዞረው እስክሪን

ባለፈው ሳምንት መገናኛ ካለው ሱቄ አንዲት ሴት ገብታ፣ ለልጇ ልደት ትልቅ እስክሪን መከራየት እንደምትፈልግ ነገረችኝ። ዋጋ ስነግራት አልተከራከረችም። «ሰርጌን ለአባቴ ያሳየኸው አንተ አይደለህ?» አለች። ነጋዴ ሆኜ የማይከራከር ደንበኛ ያስደነገጠኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ያኔ ገና ጎረምሳ ነበርኩ። ከጓደኛዬ ከታሪኩ ጋር ለሰርግ እስክሪን እናከራይ ነበር፤ ሙያው የእሱ፣ አፉ የእኔ። ወሩ ጥር ነው። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ፣ ብርዱ ጥርስ በሚያፋጭ ጠዋት፣ ግቢው ድንኳን ተጥሎበት ከጓሮው የቁሌት ሽታ ይመጣል። የሙሽራዋ አባት ጋሽ ወርቁ ከአልጋ መነሳት አቅቷቸው ነበር። ዓይናቸውም ደክሞ ትንሽ ነገር አይለዩም። ስለዚህ እስክሪኑን ወደ መስኮታቸው አዙረን ተከልነው። ታሪኩ ከቤተክርስቲያን የተክሊሉን ሥርዓት በካሜራ ይልካል፣ እኔ እዚህ አሳያለሁ።

ታሪኩ ሲሄድ ጣቱን ቀሰረብኝ። «ስማ፣ ስታበራ መጀመሪያ ኮምፒውተሩን፣ ምስሉ ሲገባ እስክሪኑን። ስታጠፋ መጀመሪያ እስክሪኑን። መብራት ከሄደ ብሬከሮቹን በሙሉ አውርድ፤ ሲመጣ አንድ በአንድ፣ እያረፍክ አንሳ።»

«እሺ አባቴ፣ ንስሐም ልግባ?»

«አንተ ቀልድ። በአንዴ ከለቀቅክበት ይቃጠላል።»

ካህኑ አክሊሉን ሊያነሡ ሲሉ መብራት ሄደ። ብሬከሮቹን አወረድኩ፤ እስከዚህ ታዛዥ ነበርኩ። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰ። የአዲስ አበባን ሰው ታውቁታላችሁ፤ ግቢው በሙሉ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። መብራት መጣ ሲባል እጃችን ከአእምሯችን ይቀድማል። በመስኮቱ ጋሽ ወርቁ፣ «ልጄ፣ አክሊሉ አመለጠኝ እንዴ?» አሉ።

ኮምፒውተሩ ገና እየተነሳ ነበር። «ደረሰ ጋሼ!» አልኩና ብሬከሮቹን በመዳፌ ጠርጌ በአንዴ አነሳኋቸው። ጧ! የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከቁሌቱ ጋር ተቀላቀለ። እስክሪኑ ጥቁር ግድግዳ ሆኖ ቀረ።

ታሪኩ የሚልከውን ምስል በስልኬ ከፍቼ በመስኮቱ ወደ ፊታቸው አስጠጋሁት። ብዙ አፈጠጡ። «ነጭ ነገር ይታየኛል» አሉ በመጨረሻ።

ሙሽራዋ ከቤተክርስቲያን ስትመለስ ቀጥታ አልጋቸው ጫፍ ተንበረከከች። «አየኸኝ አባዬ?»

«እንዴት አላይ! ነጭ ለብሰሽ፣ አምሮብሽ። ይሄ ልጅ ነው ያሳየኝ፣ እግዜር ይስጠው።»

ስትወጣ ጠጋ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እስክሪኑ ይጠገናል፣ ተክሊሉም ተቀርጿል። ሰሞኑን አምጥቼ አሳይዎታለሁ» አልኳቸው።

«አደራ» አሉኝ።

እስክሪኑ ቶሎ ተጠገነ። ግን ጥር ነው፤ ሰርግ በሰርግ ላይ ይደራረባል። ታሪኩ «ሽማግሌውስ?» ሲለኝ «ጥር ይለፍ» እለዋለሁ። ጥር አለፈ፤ የካቲትም ሰርግ አላጣም። ዐቢይ ጾም ገብቶ ገበያው ሲቆም፣ እስክሪኑን ጭነን ሄድን። ግቢው ውስጥ እንደገና ድንኳን ተጥሏል። በጾም ምን ሰርግ አለ? ከመኪናው ሳልወርድ ገባኝ።

ችኮላዬን ለራሴ ይቅር ማለት አያቅተኝም፤ ልጅነት ነው፣ ጩኸቱ ነው እላለሁ። ለመዘግየቴ ግን ምክንያት ስፈልግ ገበያ ብቻ ነው የማገኘው።

ትናንት ለልደቱ እዚያው ግቢ ሠራተኛ ሳልልክ ራሴ ሄድኩ። እንግዳ ሳይመጣ እስክሪኑን ወደዚያ መስኮት አዞርኩት። ኮምፒውተሩን አስነሳሁ፣ ምስሉ እስኪገባ ጠበቅኩ፣ ብሬከሮቹን አንድ በአንድ፣ እያረፍኩ አነሳሁ። ያኔ ለጋሽ ወርቁ ይዘነው ሄደን የነበረውን ቪዲዮ ከፈትኩት። አክሊሉ በሙሽራዋ ራስ ላይ ሲያርፍ በባዶው ክፍል መስታወት ላይ አንጸባረቀ።

ሴትየዋ ፊኛ እንደያዘች ከኋላዬ መጥታ ቆመች። አፏን በእጇ ሸፍና ብዙ አየች።

«አባዬ ያየው ይሄን ነው?» አለችኝ።

አፉ የእኔ ነበር ብያለሁ። ኬብል የማጠብቅ መስዬ ጎንበስ አልኩ፤ ጠብቆ የነበረውን ኬብል።