ሦስተኛው ማዳመጫ

የሰውየው ጃኬት ክርኖች ነትበዋል፤ የጆሮ ማዳመጫውን ግን በንጹሕ መሐረብ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። እቤቱ ዘፈን እየቀረጸና እያስተካከለ እንደሚተዳደር ለባለሱቁ ሲነግረው ተራዬን እየጠበቅሁ ሰማሁ። ሰው ሲያናግረው ቀኝ ትከሻውን ያስቀድማል።

"ግራው አይሰማም። ቀይርልኝ።"

ባለሱቁ ከሰውየው ስልክ ላይ ዘፈኑን ከፍቶ በማዳመጫው አዳመጠ። "ሁለቱም ጥርት ብለው ይሰማሉ፣ ጋሼ። እንዲያውም የዘፋኟ ድምፅ ወደ ግራ በዝቷል። መሀል መሆን አልነበረበትም?"

ሰውየው ከንፈሩን ነከሰ። "ነገ የማስረክበው ሥራ ነው።"

"ይሄ እኮ ሦስተኛው ነው። ማዳመጫ ሁሉ በእርስዎ ላይ አደመ እንዴ?"

ሰውየው ፈገግ አለ። ከዚያ ማዳመጫውን አገላብጦ የቀኙን በግራ ጆሮው፣ የግራውን በቀኝ ጆሮው ላይ አደረገ። ጥፋቱ የማዳመጫው ቢሆን ኖሮ ዝምታው አብሮ ወደ ቀኝ ጆሮው መዞር ነበረበት። ዓይኑን ጨፍኖ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው አዳመጠ።

ሲያበቃ አወለቀውና ገመዱን ቀስ ብሎ ጠቀለለ።

"ሌላ ዓይነት የለህም?" አለ፤ መልሱን ለመስማት ቀኝ ጆሮውን አስጠግቶ።