ቆሜ እቀዝፋለሁ

አባቴ የባሕር ኃይል መርከበኛ ነበር። ከላስታ ተራራ ወጥቶ ምጽዋ ወደብ ላይ ወጣትነቱን የጨረሰ ሰው ነው። መንግሥት ተለውጦ ግማሹን መንገድ በእግሩ፣ ግማሹን በጭነት መኪና ተጉዞ ቤታችን ሲገባ ገና ትንሽ ልጅ ነበርኩ። መንደራችን ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ ከሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ገብስ የሚዘራበት ተዳፋት ላይ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ባሕረኛው» ይለው ጀመር። ጥቂት ቆይቶ አገሪቱ ራሷ ያለ ባሕር ቀረችና ስሙ የባሰ መሳቂያ ሆነ።

«ባሕረኛው፣ መርከቧን የት አሰርካት?» ይሉታል ጠላ ቤት።

«ከበሬህ አጠገብ» ይልና ጠላውን ጨርሶ ወደ እርሻው ይሄዳል። ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ግን እነሱ ሲስቁም አብሯቸው ስቆ አያውቅም።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ይመስለኛል፣ ከመንደሩ በታች ባለው ሸለቆ ክትር ተሠራ። ሕዝቡ በስንዴና በዘይት እየተከፈለው አፈር ቆፈረ፣ ድንጋይ ተሸከመ፣ ሴት ወንዱ ደፋ ቀና አለ። ክረምቱ ሲገባ ክትሩ ሞላ። ምንጭና ወንዝ እንጂ የቆመ ውሃ የማናውቅ ሰዎች ነበርን፤ በአንድ ክረምት ሐይቅ የመሰለ ነገር ደጃችን ተኛ። ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር።

መስከረም ላይ አንዲት አብሮ አደጌ ውሃ ስትቀዳ ከጠርዙ ተንሸራትታ ገባች። ዳር ላይ ብዙ ሰው ነበር። አንዱ ዱላ ዘረጋ፣ ሌላው ነጠላውን ወረወረ፣ እናቷ ልትገባ ስትል ይዘው አስቀሯት። ዋና የሚችል ግን አልነበረም። አባቴ ከእርሻ ተጠርቶ ሲደርስ ልብሱን ጥሎ ዘሎ ገባ፤ ያወጣው ግን ሬሳዋን ነው።

ከሐዘኑ በኋላ መንደሩ ተሰበሰበ። ክትሩ በእሾህ ይታጠር፣ ልጅ ድርሽ እንዳይልበት ተባለ። አባቴ ከኋላ ተነሥቶ ቆመ።

«አጥሩን እጠሩት፤ ነገ ግን ውሃ ቅጂ ብላችሁ የምትልኩት ማንን ነው? እነዚሁኑ ልጆች አይደለም? ስጡኝ፣ ዋና ላስተምራቸው።»

አንድ ሰው ከወደ ዳር፣ «መጀመሪያ የራስህን አስተምር!» አለው።

«እሺ» አለ አባቴ።

የራሱ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ የባሕር ዛፍ ጣውላ እየጠረበ ማያያዝ ጀመረ። ከሥሩ አፋቸው የተደፈነ ባዶ ጀሪካኖች በገመድ አሰረበት። ለመቅዘፊያ የእህል ማዝሪያ ላይዳችንን ወስዶ እጀታውን ከእሱ ቁመት በሚበልጥ ዘንግ ቀየረው። ይህን ያየች ጎረቤታችን፣ «ኧረ ጉድ ነው፣ ባሕረኛው ውሃ ሊያዘራ ነው!» ብላ መንደሩን በሳቅ አነቃነቀችው።

ለምን ቆሞ እንደሚቀዘፍ ጠየቅሁት። ምጽዋ ሳለ የመርከብ ጎን ሲቀቡ የሚቆሙት እንዲህ ባለ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ ነበር፤ ብሩሹን ይዘው፣ ከመርከቡ አፍንጫ እስከ ጭራው ቆመው እየቀዘፉ ይዞሩታል። «ተቀምጠሽ ከሆነ ከፊትሽ ያለውን ማዕበል ብቻ ነው የምታዪው። ከቆምሽ ግን ቀጥሎ የሚመጣውንም ታያለሽ» አለኝ። ክትራችን ውስጥ ማዕበል የሚባል ነገር እንዳልነበረ እሱም እኔም እናውቃለን። ያኔ ግን እንደዚያ ሲለኝ አመንኩት።

ችግሩ ሱሪው ነበር። አባቴ የድሮ ሱሪውን አሳጥሮ አለበሰኝ። እናቴ ስታየኝ እሪ አለች። «አንዲት ሴት ልጅ አለችኝ፣ እሷንም በሱሪ አልብሰህ ለጋኔን ልትሰጥብኝ ነው?» ብላ ነጠላዋን አደግድጋ ሄዳ የነፍስ አባታችንን ይዛ መጣች። ቄሱ ሽማግሌ ነበሩ፤ ክትሩ ዳር ድንጋይ ላይ አረፍ ብለው ጣውላውንም እኔንም አዩን።

«ልጂቱ ብትሞትብህስ?» አሉት አባቴን።

«አባ፣ ያቺ ልጅ የሞተችው ተምራ ነው ወይስ ሳትማር?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው እኔን አሳለሙኝ፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ውሃውን ባረኩት። እናቴ ከቄሱ የጠበቀችው ይህን አልነበረም። ለብዙ ቀን አኩርፋን ከረመች።

መጀመሪያ ዋና ነው ያስተማረኝ፣ ወገቤን ይዞ፣ ከዚያ ትቶኝ። ጣውላው ላይ መቆም ግን ከዋናው ይከብድ ነበር። ውሃው ቀይ ጭቃማ፣ ብርዱ ደግሞ አጥንት የሚገባ ነው። ቆምኩ ስል እወድቃለሁ። የመንደሩ ልጆች ክትሩ አናት ላይ ተደርድረው በወደቅሁ ቁጥር ያጨበጭባሉ። አንዴ በአፍንጫዬ ውሃ ገብቶ እያለቀስኩ ወደ ዳር ስዋኝ ከልጆቹ ኋላ የቆሙ ትልልቅ ሰዎችም ሲስቁ አየሁ። ያቺን የሰጠመችውን ልጅ ሳያወጡ የቀሩት እነዚሁ ሰዎች ነበሩ። ተመልሼ ጣውላው ላይ ወጣሁ። እግሮቼን አራርቄ፣ ላይዳውን ጨብጬ ቆምኩ፤ ቀዘፍኩም። ክትሩን አቋርጬ ማዶ ስደርስ ማጨብጨቡ ቆሞ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ልጆቹ አንድ በአንድ መጡ። መጀመሪያ የተማሩት ከወላጆቻቸው ተደብቀው ነው፤ እርጥብ ፀጉራቸው ሲያጋልጣቸው ደግሞ ተገርፈው እየመጡ ነው። አንዳንዶቹን በኋላ ወላጆቻቸው ራሳቸው አመጧቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ክትሩ ዳር በሰው ይሞላ ጀመር። አባቴ እንደ መርከብ ላይ አለቃ ያፏጫል፣ እኛ እንገባለን፣ ያፏጫል፣ እንወጣለን።

ይህ ደግሞ ለቀበሌው ሊቀመንበር አልተዋጠለትም። አንድ እሑድ ሁለት ታጣቂ አስከትሎ መጣ። ዕድሜው ከአባቴ በብዙ ያንሳል፤ የሚያናግረው ግን «አንተ» እያለ ነበር።

«ወጣት የምታደራጀው በማን ፈቃድ ነው?»

«ዋና ነው የማስተምረው።»

«ዋና! የደርግ ወታደር ልጆችን በፉጨት እያሰለፈ ዋና ነው ይለኛል? የወጣት ማኅበር አለ፤ መዋቅር አለ። ይህ መዋቅር ውስጥ የለም።»

«ያቺ ልጅ ስትሰጥም መዋቅሩ የት ነበር?» አልኩት እኔ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም። አባቴ ትከሻዬን ያዘኝ፤ ዝም በዪ ግን አላለኝም።

ሊቀመንበሩ በእጁ ምልክት ሰጠ። ታጣቂዎቹ ጣውላውንና ላይዳውን ተሸክመው ወስደው የቀበሌው መጋዘን ውስጥ ቆለፉበት። አባቴ ከኋላቸው እያየ ቆየና ወደ ቤት ሄደ። ሌላ ጣውላ አልጠረበም። ማታ እራት ላይ አንገቱን ደፍቶ ስላየሁት ልቤ ተሰበረ፤ እሱ ደክሞት እንደሆነ እኔ ግን አልደከመኝም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ከትምህርት ቤት ስንመለስ ከልጆቹ ጋር ስንማከር ሰነበትን። በቀጣዩ እሑድ እያንዳንዱ ልጅ የቤቱን የውሃ ጀሪካን ይዞ መጣ። ክዳኑን አጥብቀን ዘጋን፣ ጀሪካኖቻችንን አቅፈን ገባን። ክትሩ በቢጫ ጀሪካን ተሞላ። ሊቀመንበሩ ወሬው ደርሶት ሲሮጥ መጣ።

«ውጡ! ኧረ ውጡ እላለሁ! እነዚህን ጀሪካኖች ሰብስቧቸው!» አለ ታጣቂዎቹን።

አንዱ ታጣቂ ውሃውን አየና ዋና እንደማይችል ተናገረ። ይሄኔ ያቺው ላይዳውን ስታይ የሳቀችው ጎረቤታችን ወገቧን ይዛ ሊቀመንበሩ ፊት ቆመች።

«ጀሪካኔን ውሰደው። ነገ ጠዋት ግን ቤቴ መጥተህ ውሃ የምትቀዳልኝ አንተ ነህ!»

ሴቶቹ ተቀበሏት። «ለእኔም!» «ለእኔም ና!» ዳሩ በሳቅ ሞላ። በዚያ መንደር በአባቴ ወይም በእኔ ሳይሆን በሌላ ሰው ሲሳቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሊቀመንበሩ ስብሰባ እንዳለበት ተናግሮ ሄደ። እኛ እስኪበርደን ድረስ አልወጣንም። አባቴ ከሩቅ ያይ ነበር፤ መጥቶ አፏጨ።

ጣውላውን ግን አልመለሱልንም። እግር ገጥመውለት የቀበሌው ስብሰባ መቀመጫ ሆነ። እናቴ፣ ያቺው ያኮረፈችው እናቴ፣ ስብሰባ በሄደች ቁጥር ሌላው ሲቀመጥበት እሷ ቆማ ትውላለች። «የልጄ ነው፣ አልቀመጥበትም» ትላቸው ነበር። እኔ ከቤት እስክወጣ ድረስ ከዚያ ክትር ሌላ ሬሳ አልወጣም።

አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ ላሊበላ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጣቢ ሆኜ ጥቂት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ በወልድያና በሚሌ በኩል ጅቡቲ ገባሁ። ባሕር ዳር ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተቀጠርኩ፤ ባለቤቷ የባቲ ሴት ነበረች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያው የኖረች፣ አፏ ኃይለኛ፣ ልቧ ሰፊ።

የመጀመሪያው ዓርብ ጠዋት አንሶላ ሳሰጣ ወደ ባሕሩ ብመለከት ሰዎች ውሃው ላይ ቆመዋል። ጣውላ ላይ ቆመው፣ ረጅም መቅዘፊያ ይዘው ይቀዝፋሉ። አንሶላው ከእጄ ወድቆ አሸዋ ላይ ተንከባለለ። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ መጣ።

«ምን ሆነሻል?» አለች የባቲዋ ሴት።

«ይኼን እኔ እችለዋለሁ።»

«ወላሂ? አንቺ የላሊበላዋ?»

ሰዎቹ ክበብ አላቸው። ዓርብ ዓርብ ልጆች ያስተምራሉ፤ ለትልልቆቹ ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ ተነሥቶ ከፊት ለፊት ያለችውን ደሴት ዞሮ የሚመለስ ረጅም ውድድር አላቸው። የክበቡ ኃላፊ ፈረንጅ ነበር። ሴትየዋ እያስተረጎመችልኝ የት እንደተማርኩ ጠየቀኝ። ላስታ አልኩት። ስልኩ ላይ ካርታ ከፍቶ ፈለገና ተራራ ብቻ ሲያገኝ ፈገግ አለ።

«ከልጆቹ ጋር ጀምሪ ይልሻል» አለች።

ከልጆቹ ጋር ጀመርኩ። ጨዋማው ውሃ ከክትሩ ይልቅ ሰው ይሸከማል፤ ማዕበሉ ግን እግር ይነጥቃል። አባቴ ቀጥሎ የሚመጣውን ታያለሽ ያለኝን ያኔ ነው በእግሬ ያወቅሁት። ከሥራ በፊት በየጠዋቱ ወጣሁ። የውድድሩ ወቅት ሲደርስ ለረጅሙ እመዘገባለሁ አልኩ። ኃላፊው ለጀማሪ ከዳርቻው ሳይርቅ የሚቀዘፈው አጭሩ ውድድር ይሻላል አለ። «ረጅሙን» አልኩ። ሴትየዋ ሳልጠይቃት ጠረጴዛውን በእጇ መታችና በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር ተናገረችው። ምን እንዳለችው ነግራኝ አታውቅም። ተመዘገብኩ።

የውድድሩ ቀን ነፋሱ ከፊት ነበር። ሌሎቹ ቀጭንና ረጅም ጣውላ ይዘው ሲፈተለኩ የእኔ ለኪራይ የሚሰጥ ሰፊ ጣውላ ነበረ። ደሴቲቱ ሳትቀርብ ሁሉም ጠፉብኝ። ወደቅሁ፤ ወጣሁ። ደጋግሜ ወደቅሁ። ነፋሱ ሲበረታ ተንበርክኬ ቀዘፍኩ፤ እጄ ተላጠ፤ ጨው ሲገባበት አቃጠለኝ። የነፍስ አድን ጀልባዋ መጥታ አጠገቤ ሞተሯን አበረደች። ጀልባዋን የሚነዳው ልጅ ገመድ እያሳየኝ በፈረንሳይኛ ጮኸ፤ ያን ያህሉን ለምጄዋለሁ።

«ያዢ! ሁሉም እየደረሱ ነው!»

«ይድረሱ!» አልኩት በአማርኛ።

ቋንቋዬን ባይሰማም ፊቴን አይቷል። ገመዱን ጠቀለለ፤ ግን አልሄደም፣ ከሩቅ ተከተለኝ። ተነሥቼ ቆምኩ። ደሴቲቱን ዞሬ ነፋሱ ከኋላዬ ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣውላው በራሱ የሚሮጥ መሰለኝ፤ ያን ስሜት ክትር ውስጥ አግኝቼው አላውቅም። ጮኽኩ። ምን ብዬ እንደጮኽኩ አላስታውስም።

ዳርቻው ስደርስ ባንዲራዎቹ ተነቅለዋል፤ ሰዎቹ ምሳ እየበሉ ነው። የባቲዋ ሴት ግን ከነጫማዋ ውሃ ውስጥ ገብታ ትጠብቀኛለች። «አብሽሪ የኔ እናት! አብሽሪ!» እያለች ጎትታ አወጣችኝ። ኃላፊው መጥቶ እጄን ጨበጠና የሚመጣው ዓመት አጭሩን ብትሞክሪ አለኝ። «ረጅሙን» አልኩት።

ማታ አባቴ ጋ ደወልኩ። ስንተኛ እንደወጣሁ አልጠየቀኝም።

«ነፋሱ ከየት በኩል ነበር?»

«ከፊት።»

«ስትመለሺ ከኋላ ሆነልሽ?»

«ሆነልኝ።»

ከዚያ ከወዲያ ማዶ ለእናቴ፣ «ነፋሱን አግኝታዋለች» ሲላት ሰማሁ፤ እናቴም «ደግሞ ምን ሱሪ ለብሳ ይሆን» ስትል።

ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ረጅሙን ገባሁ። አንድ ዓመት ከመካከለኞቹ ጋር ደረስኩ፤ አንደኛ ወጥቼ አላውቅም። ክበቡ ግን የዓርቡን የልጆች ትምህርት እንድይዝለት ጠየቀኝ። በሰፈራችን የሚኖሩ የሐበሻ ሠራተኞችን ልጆችም አመጣለሁ አልኩ። ኃላፊው ቦታው ለአባላት ልጆች ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። እንግዲያውስ ሌላ አስተማሪ ፈልጉ ብዬው አንሶላዬን ላሰጣ ተመለስኩ። ሳምንቱ ሳያልቅ እሺ ብለው ላኩብኝ።

መጀመሪያ ከመጡት መካከል አንዲት የሰባት ዓመት ያህል ልጅ ነበረች። ጣውላው ላይ ቆማ ወደቀች፣ ጨው ውሃ ጠጣች፣ አለቀሰች። አባቷ ከአሸዋው ላይ ተነሥቶ፣ «ይበቃታል፣ ሴት ልጅ ናት፣ አውጫት!» ብሎ ጮኸ።

«አላወጣትም» አልኩት። «ስትፈልግ ራሷ ትወጣለች።»

ልጅቷ ዕንባዋን በእርጥብ እጇ ጠራርጋ እኔንም አባቷንም አየችና ጣውላውን ያዘች።