ቫርኒሽ የተቀባው አደራ

ከቤቴ ጎን የቤት ዕቃ የሚሠሩ ወጣቶች አሉ። ከሰዓት በኋላ የአዳማ ነፋስ ሲነሣ የቫርኒሹን ሽታ በመስኮቴ ያስገባዋል። ልጆቼ «ያምሻል፣ ዝጊው» ይሉኛል። አልዘጋውም። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም።

አባቴ አናጢ ነበር። እዚህ ፋብሪካ ይሠራ የነበረ የአንድ ጃፓናዊ መሐንዲስ ሚስት ለመውለድ ወደ አገሯ ስትሄድ፣ ከአያቶቿ የወረሰችውን ባለ መሳቢያ ሣጥን እኛ ቤት አስቀመጠች። በኮልታፋ አማርኛዋ «ጋሼ፣ አደራ» አለችው፤ ሁለት ጊዜ።

ሣጥኑ አንድም ምስማር አልነበረውም። እንጨት በእንጨት ተቆላልፎ የቆመ፣ ቀለም ያልነካው፣ ከዕድሜ ብዛት አመድማ የሆነ ነበር። አንዱን መሳቢያ ሲገፉት ውስጥ የታመቀው አየር ሌላውን ቀስ አድርጎ ያወጣዋል። አባቴ የሙያ ጓደኞቹን እየጠራ ያሳያቸው ነበር።

«ጂን አለበት እንዴ?» አለ አንዱ እየሳቀ።

«ጂንስ የለበትም። እጅ ነው ያለበት» አለ አባቴ። «እኛ መቼ እንዲህ ገጥመን እናውቃለን?»

በዚያው ሰሞን ለእኔ ሽማግሌ ሊላክ ነበር። ጎረቤታችን የነበረች ጓደኛዬ ሳሎኑን ዞር ዞር ብላ አየችና፣ «ወይ ጉድ! የአናጢ ቤት፣ ሣጥኑ ራቁቱን? የሬሳ ሣጥን ነው እንዳይሏችሁ» አለችኝ። ሣቅሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ። በእኛ ዘንድ ቫርኒሽ ያልነካው ዕቃ ያላለቀ ዕቃ ነው። አባቴ ሥራ ይዞ ሁሩታ በሄደበት ቀን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁትና ሁለት እጅ ቀባሁት። አበራ። ደስ አለኝ።

አባቴ ሲመለስ በሩ ላይ ቆመ። ገብቶ አንዱን መሳቢያ ሳበው፤ ተጣብቆ ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

«ለሽማግሌዎቹ ብዬ ነው።»

ብዙ ቀን ሊፍቀው ሞከረ፤ እንጨቱ ቫርኒሹን ጠጥቶት ስለነበር አልለቅ አለው። ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ተስማሙ፣ ሄዱ። ሣጥኑን ዞሮ ያየ አልነበረም።

ሴትየዋ ሕፃኗን ታቅፋ መጣች። መዳፏን ሣጥኑ ላይ አሳረፈች፤ ወዲያው አነሣችው። እኔ ውኃ ይዤ ጓዳው በር ላይ ቆሜአለሁ። አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

«ማዳም፣ እኔ ነኝ። ያምራል ብዬ ቀባሁት።»

ትኩር ብላ አየችው። «ጋሼ እንጨት ያውቃል ብዬ ነበር» አለች፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አላወቅሁም» አላት።

አንድ ቃል ብተነፍስ ይበቃ ነበር። ውኃውን አስቀመጥኩና ወደ ውስጥ ተመለስኩ።

ከዚያ ወዲያ ወንበሯ ሲሰበር ወደ ሌላ አናጢ ትወስድ ጀመር። አባቴ ግን በደጃችን ባለፈች ቁጥር ሥራውን አቁሞ፣ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ይነሣት ነበር። እኔ አግብቼ ከዚያ ቤት እስክወጣ ድረስ፣ እሷን ከሩቅ ሳያት ጓዳ እገባ ነበር።