ከጠረጴዛው ሥር ያለችው ማሞቂያ

«ጋሽ በረዶ» የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ሥራው አየር እንኳ ፈሳሽ ሆኖ የሚንቆረቆርበትን፣ በረዶ ሙቅ የሚያሰኝ ብርድ መለካት ነው። ሰውየው ራሱ ግን ብርድ ፈጽሞ አይሆንለትም። ሁለት ሹራብ ደርቦ፣ ጉልበቱን እያሻሸ ነው መሣሪያው ፊት የሚቀመጠው። ሚስቱ አዝናለት የገዛችለትን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያም ከጠረጴዛው ሥር ይሸጉጣታል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ሚስቱ «በረደኝ፣ መስኮቱን ዝጋው» ስትለው የግድግዳውን ቴርሞሜትር አየት አድርጎ «ሃያ ዲግሪ ነው፤ አልበረደሽም» ይላታል።

እንዲያ ባለው ብርድ ላይ ቤተ ሙከራዎቹ አይስማሙም ነበር፤ አንዱ ቤተ ሙከራ ከፍጹም ዜሮ በላይ አራት ዲግሪ ያለው በሌላው አራት አይደለም። ሁሉም የሚዳኝበት አንድ መለኪያ ይውጣ ተባለ። የቀሩት ቀስ በቀስ ተስማሙ። የጋሽ በረዶና የሌላ ቤተ ሙከራ የአንዲት ተመራማሪ ቁጥር ግን በጥቂቱ፣ በጣም በጥቂቱ ተለያየ፤ ሁለቱም «ልኩ የኔ ነው» ብለው ድርቅ አሉ። እሱ ጡረታው ደርሷል። ቁጥሩ መለኪያው ውስጥ ሳይገባ ጡረታ ከወጣ የዕድሜ ልክ ድካሙ መና መቅረቱ ነው፤ ይህን እያሰበ እንቅልፍ አጣ።

በመጨረሻ ሴትዮዋ ራሷ ልታይ መጣች። ገና ከመቀመጧ ካፖርቷን አወለቀች፤ ቀጥላ ሻርፗን።

«ይህ ክፍል ይሞቃል ልበል?» አለች።

«ኧረ ደህና ነው» አለ ጋሽ በረዶ፣ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ።

ጎንበስ ብላ አየች። ማሞቂያዋ የመሣሪያው ሽቦዎች ከሚጋጠሙበት ሥር ቁጭ ብላ ፍም መስላለች። መጋጠሚያው በአንድ ወገን ብቻ ሲሞቅ የራሱን ኤሌክትሪክ ፈጥሮ ንባቡን እንደሚያዛባ ጋሽ በረዶ ራሱ ለስንቱ ሲያስተምር የኖረ ነው።

«አንዴ ብናጠፋትስ?» አለች ቀስ ብላ።

አጠፏትና ክፍሉ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። እንደገና ሲለካ ቁጥሩ የሷ ሆኖ ቁጭ አለ። ጋሽ በረዶ ከልቡ አፈረ።

«የእርስዎ ነው ልኩ» አላት።

«ሁሉንም እንደ አዲስ ከለኩት የሁለታችንም ይሆናል። እስከ ጡረታዎ ድረስ ይደርሳል» አለችው። «ብቻ ብርድ ልብስ ይዘው ይምጡ።»

ማታ ለሚስቱ አንድም ሳያስቀር ነገራት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«እና ጥፋቱ የኔ ማሞቂያ ነው በለኛ» አለችው።

«የኔ ጉልበት ነው እንጂ።»

ሳቋን ስትጨርስ ትከሻዋን አቀፈችና «በረደኝ» አለች። ጋሽ በረዶ እንደ ልማዱ ወደ ግድግዳው ቀና አለ። ከዚያ ቁጥሩን ሳያነብ ተነሣና መስኮቱን ዘጋላት።