የቀለጠው የሙከራ አስፋልት

ዓደን የገባሁት ወደ ሳዑዲ ለማለፍ ነበር። መንገዱ ሲዘጋብን አንድ የወሎ ሰው የመንገድ ጥገና ቡድን ውስጥ አስገባኝ። ሥራችን ዓለም በሚባለው ሰፈር በኩል ወደ አብየን የሚወስደውን መንገድ መጠገን ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ አስፋልቱ ይላላና የከባድ መኪና ጎማ እንደ ቦይ ያሰረጉደዋል። እንሞላዋለን፣ ተመልሶ ይሰረጉዳል።

አንድ ቀን ከመንገድ መሥሪያ ቤቱ የምርመራ ክፍል አንዲት የመናዊት መሐንዲስ መጣች። ዓረብኛ ስለምችል ረዳቷ አደረገችኝ። ከመንገዱ ላይ ጣሳ የሚያህል ቁራጭ በማሽን እየቆረጥን ወሰድን። ጠጠሩን የሚያጣብቀውን ጥቁር ዚፍት አጥባ ስታወጣው፣ ከሥሩ የቀረው አብዛኛው የባሕር ዳር አሸዋ ነበር።

«ድቡልቡል ስለሆነ ይንሸራተታል» አለችኝ በጣቶቿ እያሸች።

ሙዲሩ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ መንገዱ ከዒድ በፊት እንዲያልቅ ይፈልጉ ነበር። እሷ ግን መኪኖች ለፍተሻ የሚቆሙበትን አጭር ቦታ ብቻ ለሙከራ እንዲሰጧት ለመነቻቸው። ፈቀዱላት። አሸዋውን ሳትተው፣ ጎማ ያጣብቀዋል ብላ ከዚፍቱ ጋር የተፈጨ አሮጌ ጎማ ቀላቀለችና አነጠፍነው።

ሙቀቱ ሲመጣ ቀለጠ። ጫማ እየያዘ አስቸገረ፣ ሾፌሮች እኛን እያዩ ይሳደቡ ጀመር። ሙዲሩ መጥተው ከመኪናቸው ሳይወርዱ፣ «ይሄ ነው ምርምርሽ?» አሏት። እኔ አፈርኩላት፤ የምገባበት ጠፋኝ።

እሷ ግን ድምፅዋን አላነሳችም። «አዎ፣ ይሄ ነው። የተበላሸው ከፍተሻው እስከዚያ ሱቅ ድረስ ብቻ ነው። ሳንሞክር አንጥፈነው ቢሆን እስከ አብየን ይበላሽ ነበር» አለች።

ሙዲሩ መንገዱን እስከ ሱቁ ድረስ በዓይናቸው ለኩት። ከዚያ፣ «እንግዲህ ድገሚው፣ ኢንሻአላህ ይሳካል» ብለው ሄዱ።

በሁለተኛው ሙከራ ጎማውን ተወችው። በባሕር ዳሩ አሸዋ ፈንታ የተፈጨ ድንጋይ አስገባች፣ ዚፍቱንም ቀነሰች። አንድ በጋ ሙሉ መኪኖች ቆሙበት። ፀሐዩ በበረታበት ቀትር ላይ ቀጥ ያለ ብረት በመንገዱ አግድም አስተኛንና እኔ በሆዴ ተኝቼ መንገዱ ጎድጉዶ እንደሆነ ከሥሩ ተመለከትኩ። አስፋልቱ ደረቴን አቃጠለኝ።

«ክፍተት ይታይሃል?»

«ወላሂ፣ ምንም የለም ያ ሙሃንዲሳ!»

አላመነችኝም። ራሷ ጎንበስ ብላ አየች። ቀና ስትል ፊቷ ላብ በላብ ሆኖ ትስቅ ነበር።

የቀረው መንገድ በዚያው ድብልቅ ተሠራ። አብረውኝ የመጡት ልጆች መንገድ ሲከፈትላቸው ወደ ሳዑዲ ተሻገሩ። «ና እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ። እኔ ግን ከመሐንዲሷ ጋር ቀረሁ። አሁን የምርመራ ክፍሉ ውስጥ ነው የምሠራው። በዚህ ሳምንት ከጀበል ሐዲድ መንገድ የተቆረጡ ናሙናዎች ገብተውልናል፤ እነሱን እያጠብኩ ነው።