ዝም ያሉት አራት ሽቦዎች

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይህቺን ዘልያታለሁ። ለአንተ ለአንባቢዬ የምጽፈው ፊቴን ስለማታይ ነው።

ዘመሮ ከተማ ውስጥ ሞተር ሳይክል እጠግናለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ የለም፤ የተጣሉ ሞተሮችን እየፈታሁ እየገጠምኩ ብቻዬን ለመድኩት። በተለይ የምታወቀው የዛገ ጎማ በማጽዳት ነው። ከጎማው እምብርት ወደ ቸርኬው የተወጠሩትን ቀጫጭን ሽቦዎች አንድ በአንድ በናፍጣ አጥባለሁ፣ በብርጭቆ ወረቀት አሻለሁ፣ ከዚያ በመፍቻ ጫፍ መታ መታ አደርጋለሁ። ደህናው ሽቦ እንደ ክራር ክር ይጮኻል። የተበላው ድምፁ ይሞታል። ይህን በገዛ ጆሮዬ ነው የደረስኩበት። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር ማለት አልችልም።

ጌታነህ የከብት ሐኪም ነው። ሞተሩን ውርጭ እንዳይመታበት ብሎ ከእናቱ በጎች ጋር ጋጣ ውስጥ ያሳድረው ነበር። የበግ ሽንት ብረት እንደሚበላ ለበግ ሐኪም ማን ይንገረው? ሲያመጣልኝ የኋላው ጎማ በዝገት ቀልቷል። በማግስቱ እናቱን፣ እማማ አስካለን፣ አፈናጥጦ ለንግሥ ሊወስዳቸው ነበር።

«ካልደረሰልህ ተወው፤ በእግራችን እንሄዳለን» አለኝ።

ይህን ብሎኛል። መውጫውን በራሱ አፍ ሰጥቶኛል።

ሳጸዳው አራት ሽቦዎች እምብርቱ ጋ፣ ከሚታጠፉበት ቦታ፣ ተበልተው እንደ መርፌ ቀጥነው አገኘሁ። ምትክ የሚመጣው ከደብረ ብርሃን ነው። ታዲያ ለምን አልነገርኩትም? ደክሞኝ ነው? አይደለም። ሌሎቹ ሠላሳ ሁለቱ ያበሩ ነበር። የንግሡ ሕዝብ ያን ጎማ አይቶ «ማን ሠራው?» እንዲል ፈለግሁ። እኔ ፈለግሁ። አራቱን ብርማ ቀለም ቀባኋቸው። እኔ ቀባኋቸው።

የዚያኑ ዕለት ማታ ሞተሩን ሊወስድ ሲመጣ እማማ አስካለ አብረውት ነበሩ። ምርኩዛቸውን በሽቦዎቹ ላይ ትርርር አድርገው እየሳቁ አዳመጡ። ከዚያ ቀስ እያሉ አንድ በአንድ ነኩና አንዱ ላይ ቆሙ።

«ይኼኛውሳ ምነው? እንዳንተ አፍ የለውም እንዴ?» አሉኝ።

ጌታነህ ሳቀ። «እማዬ፣ ተይው እንጂ! እሱ በዓመት ሦስት ቃል ነው የሚናገረው።»

«ቀለሙ ሲደርቅ ይናገራል፣ እማማ» አልኩ።

«እንግዲያ እጅህ ይባረክ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ከንግሥ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ የኋላው ጎማ ተጣጠፈ። ጌታነህ ክንዱ ተላጦ ተነሣ። እማማ አስካለ ግን ራሳቸው ከድንጋይ ጋር ተጋጭቶ፣ ከዚያው ሳይነሡ ቀሩ።

ለቅሶው ላይ ጌታነህ ደረቱን እየደቃ «አብርሬ ገደልኳት! እኔ ነኝ የገደልኳት!» ይል ነበር። ሽማግሌዎቹም «የዘንድሮ ልጅ ችኮላ» እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ እዚያው መካከላቸው ተቀምጬ ነበር። ንፍሮ ሲዞር እጄን ዘርግቼ ተቀበልኩ። በዚያች እጄ!

ሳምንት ሳይሞላ ዘመዶቹ የተሰበረውን ሞተር ወደ እኔ አመጡት። በሩን ዘግቼ አራቱን ሽቦዎች ነቀልኩ። ሁሉም የተበጠሱት ከቀባሁት ቦታ ነው። በጨርቅ ጠቅልዬ ከመሣሪያ ሣጥኔ ሥር ደበቅኋቸው።

ጌታነህ ከዚያ ወዲህ ሞተር ነክቶ አያውቅም። የክትባቱን ሣጥን አንግቶ ከቀበሌ ቀበሌ በእግሩ ይዞራል። በደጄ ሲያልፍ ቆም ይልና «አንተማ ያማረ ጎማ ሠርተህልኝ ነበር፤ ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ይለኛል። እኔን ይቅርታ ይጠይቀኛል! ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሲለኝ መፍቻዬን አጸዳሁ።

ልጅ ነበርኩ አልልም። የሚያስተምረኝ አልነበረም አልልም። እጅህ ይባረክ ያሉኝን እናት ይህ እጄ ገደላቸው፤ ልጃቸውንም በቁሙ ቀበረው።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ጨርቁን ይዤ ወደ ጌታነህ ቤት እሄዳለሁ። አራቱን ሽቦዎች መዳፉ ላይ አኖራለሁ። ማረኝ አልለውም። የምለምነው ሌላ ነው። ቀለሙ ሲደርቅ ይናገራል ስል ያመነኝ ሰው፣ እናትህን አንተ አልገደልካቸውም ስለውም እንዲያምነኝ ነው።