የካራቫኑ መጋረጃ

የቢሯችን አየር ማቀዝቀዣ ሲነሳ መጀመሪያ እርጥብ አቧራ ይሸታል። ያ ሽታ ከሊማሊሞ ግርጌ፣ ዛሪማ ወደነበረው የመንገድ ሥራ ካምፕ ይወስደኛል።

አባቴ የካምፑ ጄኔሬተር ሠራተኛ ነበር። እናቴን ወባ ከያዛት አራተኛ ቀኗ ነው፤ መርፌውም አልበጃትም። «የደጋ ሰው ደጋ ካልወጣ አይሻለውም» ይላል አባቴ። ወደ ደባርቅ የሚያወጣውን መንገድ ግን በድማሚት የተናደው ድንጋይ ዘግቶታል። ሲጨንቀው እረፍት የወጣውን መሐንዲስ ካራቫን ከፍቶ አስተኛት። ጎማ ያለው የቆርቆሮ ቤት ነው፤ ውስጡ ይፋጃል። ማቀዝቀዣውን አስነሳ፣ መጋረጃዎቹን ሁሉ ዘጋ፣ ጋቢዋን ደረበላት።

ብርዱ ፊቷን ሲነካት ዓይኗን ሳትገልጥ፣ «ደባርቅ ደረስን?» አለች።

«ደርሰናል» አላት አባቴ። «ቤታችን ነን።»

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ውሸት ኃጢአት ነው እየተባልኩ ያደግሁ ልጅ ነኝ። «አልደረስንም እኮ፣ እማዬ» አልኩና መጋረጃውን ገለጥሁት። ዓይኗን ከፍታ አቧራውንና ፀሐይ ላይ የቆሙትን ገልባጭ መኪኖች አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

አባቴ አልተቆጣኝም። «ትንሽ ብትቆዪ ምን ነበረበት፣ ልጄ?» ብቻ አለኝ። ምን እስኪሆን እንደምቆይ አልገባኝም።

መንገዱ በማግስቱ ተከፈተ። እናቴ ደባርቅ የገባችው ለቀብሯ ነው።

ዛሬ የሥራ ባልደረባዬ፣ «ጨለመብን፣ መጋረጃውን ክፈቺው እንጂ» አለችኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኳት።